«ግራውንድስዌል» ሱናሚ አይደለም፦ ስለ አንድ የባሕር ቃል ትርጉምና አመጣጥ የተሰጠ ምላሽ

በእንግሊዝኛ የፖለቲካ ዘገባ ውስጥ የሕዝብ አስተያየት ወደ አንድ ወገን ማመዘኑ ሲነገር «ግራውንድስዌል» የሚለው ቃል ደጋግሞ ይመጣል። ይህንኑ ቃል ለአማርኛ አንባቢዎች፣ በተለይም ለዜና ተርጓሚዎች፣ ለማስረዳት የተጻፈ አንድ መጣጥፍ በቅርቡ አነበብሁ። ጸሐፊው የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ቃሉ ከመሬት መንቀጥቀጥ የመጣ ስለሆነ ከሱናሚ ጋር አንድ ነው፤ ለፖለቲካ ያዋሉትም የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ጋዜጦች ናቸው፤ የትርጉሙ ዋና ነገር ድንገተኛነትና አደራጅ አልባነት ነው፤ «ሲ ቼንጅ» ከሚባለው ሌላ የባሕር ቃልም አይለይም፤ ስለዚህ በአማርኛ «የሕዝብ ሱናሚ» መባል አለበት፣ ጥሩ ምሳሌውም የየካቲት 1966 ዓ.ም. እንቅስቃሴ ነው። በየዕለቱ የምንተረጉማቸው ቃላት ከየት እንደመጡ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም ስለማይገኝ፣ ጸሐፊው ርእሱን በማንሣቱ ሊመሰገን ይገባል። ያቀረባቸው ነጥቦች ግን፣ ከመጨረሻው ምሳሌ በቀር፣ ሲመረመሩ አይጸኑም። ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው፤ የሕዝብን ድምፅ እውነተኛነት የምንለካበትን ሚዛን ያዛባልና።

የመጀመሪያው ክርክር «ግራውንድ» ማለት መሬት ነው፣ «ስዌል» ማለት ደግሞ ማበጥ ነው፣ ስለዚህ ነገሩ መሬት ሲናወጥ የሚያብጥ ባሕር ነው የሚል ነው። ለዛሬው እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ግራውንድ» በእርግጥ የምንረግጠው መሬት ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን ቃሉ ወለልን፣ መሠረትንና የጥልቅ ነገርን ሥር፣ ከእነዚህም መካከል የባሕርን ወለል፣ ያመለክት ነበር። ይህን የጥንት ፍቺ መርከበኞች እስከ ዛሬ ይዘውት ቆይተዋል፦ መርከብ «አግራውንድ» ሆነ የሚባለው ሆዱ ከባሕሩ ወለል ጋር ሲጋጭ ነው፤ መልሕቁና ሰንሰለቱም በአንድነት «ግራውንድ ታክል» ይባላሉ። ስለዚህ ጥምር ቃሉ የሚለው ከሥር ጀምሮ የሚያብጥ፣ ጥልቀት ያለው የባሕር እንቅስቃሴ ነው። ስለ መሬት መናወጥ በራሱ አይናገርም።

አንዳንድ የታወቁ መዝገበ ቃላት የዚህን እንቅስቃሴ መንሥኤ ሲዘረዝሩ ከሩቅ ማዕበል ቀጥለው የመሬት መናወጥን መጥቀሳቸው እውነት ነው፤ የጸሐፊው ስሕተት የተነሣውም ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ይሁን እንጂ ባሕርን በሚያጠኑ ባለሙያዎችም ሆነ በሞገድ ላይ በሚንሸራተቱ ሰርፈሮች ዘንድ ዛሬ ቃሉ የሚውለው ነፋስ ለወለደው ነገር ብቻ ነው። አሠራሩም የታወቀ ነው። በሰፊ ውቅያኖስ ላይ ብርቱ ነፋስ ለብዙ ሰዓታት ሲነፍስ መጀመሪያ የሚፈጥረው የተዘበራረቀና አጭር ሞገድ ነው። ነፋሱ በበረታ፣ በቆየና በሰፊ ውኃ ላይ በነፈሰ መጠን ሞገዱ እየረዘመ ይሄዳል። ከዚያ ሞገዱ ከነፋሱ ክልል ወጥቶ በራሱ ኃይል ጉዞውን ይቀጥላል፤ ረጅሙ ፈጥኖ ወደፊት ሲሄድ አጭሩ ወደኋላ ይቀራል፤ በመንገዱም ላይ እየተስተካከለ ሰፊ፣ ለስላሳና የማያቋርጥ ይሆናል። ስዌል የሚባለው ይህ ነው። የሚጓዘውም ጉልበቱ እንጂ ውኃው አይደለም፤ ውኃው ባለበት ክብ እየሠራ ከፍና ዝቅ ይላል።

በቁጥር እንየው። ከአንዱ አናት እስከ ቀጣዩ 16 ሰከንድ የሚወስድ ሞገድ በጥልቅ ውኃ ላይ ከአናት እስከ አናት 400 ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ጉልበቱም በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በቀን ደግሞ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ሞገድ የባሕሩን ወለል መንካት የሚጀምረው ጥልቀቱ የርዝመቱን ግማሽ ሲያህል ነው፤ ስለዚህ ይህ ሞገድ ገና በ200 ሜትር ጥልቀት ላይ ሳለ ወለሉ ይሰማዋል። 5 ሰከንድ ብቻ የሚወስደው የአካባቢ ሞገድ ግን ወለሉን የሚያውቀው 20 ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው። በቃሉ ውስጥ ያለው «ግራውንድ» ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ሱናሚ በአንጻሩ ከወለል እስከ ገጽ ያለውን ውኃ በሙሉ ያንቀሳቅሳል፤ 4,000 ሜትር በሚጠልቅ ባሕር ላይ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፤ በአንዱና በሌላው አናት መካከልም የሚያልፈው ጊዜ በደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆጠራል። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው የሚሄዱት በባሕር ላይ መሆኑ ብቻ ነው።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል በደቡብ አትላንቲክ መካከል ያለችውን ሴንት ሄሌናን እንመልከት። በዚያች ደሴት ዳርቻ ነፋስ ጸጥ ባለበት ቀን እንኳ ከሰሜን አትላንቲክ የክረምት ማዕበል የተነሣ ግዙፍ ሞገድ ሊደርስ ይችላል፤ ነዋሪዎቹም «ሮለር» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1846 እንዲህ ያለ ሞገድ በጄምስታውን ፊት ለፊት መልሕቃቸውን ጥለው የቆሙ ከ10 በላይ መርከቦችን ሰባብሯል፤ ብዙዎቹም የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከባሪያ ነጋዴዎች የማረካቸው ነበሩ። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ባርበርና ኧርሴል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በእንግሊዝ በኮርንዎል ዳርቻ በተተከለ መለኪያ አማካይነት፣ የደረሰው ሞገድ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በኬፕ ሆርን አካባቢ ከተነሣ ማዕበል የመጣ መሆኑን አሳዩ፤ ጥናታቸውንም እ.ኤ.አ. በ1948 አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ዋልተር ሙንክና ባልደረቦቹ ከኒውዚላንድ ጀምሮ በሳሞአና በሃዋይ በኩል እስከ አላስካ ጣቢያዎች ዘርግተው፣ ከአንታርክቲካ ዙሪያ የተነሣ ሞገድ ፓሲፊክን ተሻግሮ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ ተከታትለውታል። በአላስካ ዳርቻ የቆመ ሰው ሞገዱን ሲያይ፣ የወለደው ነፋስ ካለፈ ሳምንት አልፎታል።

ቃሉን ለፖለቲካ ያዋሉት የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጋዜጦች ናቸው የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። በመርከበኞች ዘንድ ቃሉ በጽሑፍ የሚገኘው ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ነው። ከባሕር ወጥቶ ለሰው ስሜት የዋለውም ዘግይቶ አይደለም፦ ገጣሚው ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ እ.ኤ.አ. በ1817 በታተመ ተውኔቱ ውስጥ ከሰው ውስጥ ከሥር እየገፋ የሚነሣን ስሜት በዚሁ ቃል ገልጾታል። የአሜሪካ ጋዜጦች በምርጫ ዘገባ አዘውትረው በመጠቀማቸው ቃሉን አስፋፉት ቢባል እስማማለሁ፤ ፈጠሩት ማለት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ያለውን ታሪክ መዝለል ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው ከአንድ የአሜሪካ መዝገበ ቃላት «ፈጣንና ራሱን በራሱ ያነሣሣ የአስተያየት ዕድገት» የሚለውን ፍቺ ጠቅሶ፣ አደራጅ ያለው፣ ኮሚቴ ያቋቋመ፣ ፊርማ ያሰባሰበ እንቅስቃሴ ሁሉ በዚህ ስም ሊጠራ አይገባውም ሲል ይደመድማል። ፍቺው በእርግጥ አለ። መዝገበ ቃላት ግን ሰዎች ቃሉን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ይመዘግባል እንጂ አንድ እንቅስቃሴ እውነተኛ መሆን አለመሆኑን አይፈርድም። ከዚያም በላይ፣ ነገሩ በባሕር ላይ እንዲህ አይደለም። ስዌልም ቢሆን ነፋስ ያልገፋው የለም። በአካባቢ ሞገድና በስዌል መካከል ያለው ልዩነት አንዱ ገፊ ያለው ሌላው ገፊ የሌለው መሆኑ ላይ አይደለም፤ ነፋሱ ሲቆም አንዱ ወዲያው ሲከስም ሌላው መጓዙን የሚቀጥል መሆኑ ላይ ነው። የሕዝብ አስተያየትም በዚህ ቃል የሚጠራ ከሆነ መጠየቅ ያለበት «አደራጅ ነበረው ወይ?» ተብሎ ሳይሆን «አደራጁ ዝም ሲል ምን ሆነ?» ተብሎ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ ቃሉ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ባለበት ዘመን የተካሄደው የባሪያ ንግድን የመቃወም እንቅስቃሴ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1787 በለንደን 12 ሰዎች ተሰብስበው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ አብዛኞቹ ኩዌከር የሚባለው የፕሮቴስታንት ክርስትና ወገን አባላት ነበሩ። ቶማስ ክላርክሰን በፈረስ ከከተማ ከተማ እየዞረ ማስረጃ ሰበሰበ፤ ባሪያዎች በመርከብ ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚታጨቁ የሚያሳይ ሥዕል ታትሞ ተሰራጨ፤ ሸክላ ሠሪው ጆሳያ ዌጅዉድ በሰንሰለት የታሰረ ሰው የተቀረጸበት ጌጥ አውጥቶ በየሰዉ ደረት ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የማንቸስተር ሰዎች ከ10 ሺህ በላይ ፊርማ ያለበት አቤቱታ አዘጋጁ፤ በ1788 ወደ 100 የሚሆኑ አቤቱታዎች ለፓርላማ ቀረቡ፤ በ1792 ቁጥራቸው 519 ደረሰ፣ የፈራሚዎቹም ብዛት ወደ 390 ሺህ ተጠጋ። ይህ ሁሉ የተደራጀ ነበር፤ አቤቱታው መቼና እንዴት መላክ እንዳለበት ኮሚቴው ለየከተማው በደብዳቤ ይመራ ነበር። በጸሐፊው ሚዛን ከሄድን ይህ ግራውንድስዌል አይደለም ማለት ነው።

ነገር ግን ቀጥሎ የሆነውን እንይ። የፈረንሳይ አብዮትና ጦርነቱ፣ እንዲሁም በሄይቲ የተነሣው የባሪያዎች ዐመፅ የእንግሊዝ ገዥዎችን አስደነገጠ፤ አቤቱታ ማሰባሰብ ራሱ በጥርጣሬ የሚታይ ሆነ። የለንደኑ ኮሚቴ ከ1797 እስከ 1804 ስብሰባውን እንኳ አቋርጦ ነበር። ነፋሱ ቆመ ማለት ነው። አስተያየቱ ግን አልከሰመም፦ እ.ኤ.አ. በ1807 ንግዱ በሕግ ታገደ፤ በ1814 ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት ከፈረንሳይ ጋር ባደረገው ስምምነት ፈረንሳይ ንግዱን ለ5 ዓመት እንድትቀጥል መፍቀዱ ሲሰማ፣ በሳምንታት ውስጥ ወደ 750 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የፈረሙባቸው አቤቱታዎች ወደ ፓርላማ ጎረፉ። ባርነትን ራሱን የሚያስቀረው ሕግ የወጣው በ1833 ነው። የባሕሩን ነገር የሚያውቁ ሰዎች ስዌል በተርታ እንደማይመጣ ይናገራሉ፤ ጥቂት ትላልቅ ሞገዶች ተከታትለው ከደረሱ በኋላ ባሕሩ ለደቂቃዎች ጋብ ይላል፣ ከዚያም ሌሎቹ ይከተላሉ። በዚያ ፋታ መካከል ዳርቻ ላይ የደረሰ እንግዳ ባሕሩ ተኝቷል ብሎ ይገምታል። በ1800 ለንደን የነበረ ታዛቢም ስለ ባሪያ ንግድ ተቃውሞ እንደዚሁ ሳይገምት አይቀርም ነበር።

በተቃራኒው ወገን ደግሞ ዌንዴል ዊልኪን እናገኛለን፤ ጸሐፊው ያላነሣው መሆኑ ያስገርመኛል፣ ቃሉና የአሜሪካ ምርጫ ሲነሡ አብሮ የሚታወስ ስም ነውና። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940 የሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ በፊላደልፊያ ሲሰበሰብ ዊልኪ ከዚያ በፊት በአንድም ሕዝባዊ ምርጫ ተወዳድሮ የማያውቅ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኃላፊ ነበር። የጉባኤው ተወካዮች የእሱን ስም በያዙ ቴሌግራሞች ተጥለቀለቁ፤ ከሰገነቱ ላይ ተመልካቹ «ዊልኪን እንፈልጋለን» እያለ ሲጮኽ አዳራሹ ተናወጠ፤ በስድስተኛው ዙር ድምፅ አሰጣጥም የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ሆነ። ደጋፊዎቹ ይህ ከሥር የመጣ የሕዝብ ግፊት ነው አሉ። የፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ልጅ አሊስ ሎንግዎርዝ ግን ግፊቱ ከሣር ሥር (በእንግሊዝኛ አነጋገር ከተራው ሕዝብ) መምጣቱን ሳትክድ፣ ሣሩ ያለው በሀብታሞች መዝናኛ ክበቦች ውስጥ ነው ብላ ቀለደችበት። ነገሩ ከቀልድም ያለፈ ነበር፤ የድጋፍ ክበቦችና ትላልቅ መጽሔቶች ከኋላ ሆነው ይገፉ ነበርና። በምርጫው ዊልኪ ከ22 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ስላገኘ ሁሉም ነገር የውሸት ነበር ማለት አይቻልም። ሆኖም ከ4 ዓመት በኋላ በዊስኮንሲን ቅድመ ምርጫ አንድም ተወካይ ሳያገኝ ቀርቶ ከውድድሩ ወጣ። የ1940ው ግፊት ነፋሱ ሲቆም የከሰመ የአካባቢ ሞገድ ነበር ለማለት የሚያስደፍረኝ አደራጅ የነበረው መሆኑ ሳይሆን ይህ የ1944 ውጤት ነው።

ቴክሳስን የወከሉት ሴናተር ሎይድ ቤንትሰን እ.ኤ.አ. በ1985 በገፍ የሚደርሳቸውን የተቀነባበረ ደብዳቤ አይተው፣ የቴክሳስ ሰው እውነተኛውን ሣር ከፕላስቲኩ «አስትሮተርፍ» መለየት አያቅተውም ብለው ነበር፤ የሐሰተኛ የሕዝብ ድጋፍ መጠሪያም ከዚያ ወዲህ ይኸው ሆኗል። በዛሬው ዘመን አንድ ሰው በመቶ የፌስቡክ ስም መጻፍ በሚችልበት ሁኔታ ጉዳዩ ይበልጥ ይከፋል። ይሁን እንጂ ጸሐፊው ባቀረበው መለኪያ የተጓዝን እንደሆነ፣ ራሱን የደበቀው አደራጅ በቀላሉ ያልፋል፤ ስሙንና አድራሻውን ጽፎ በግልጽ ፊርማ የሚያሰባስበው ግን ይወድቃል።

«ሲ ቼንጅ» የሚለውን በተመለከተ ሁለቱ ቃላት አራምባና ቆቦ ናቸው። «ሲ ቼንጅ» የመጣው ከሼክስፒር «ዘ ቴምፔስት» ሲሆን፣ በዚያ ተውኔት ውስጥ የሰመጠ ሰው አጥንት ወደ ኮራል፣ ዐይኖቹ ወደ ሉል መለወጣቸውን የሚናገር መዝሙር አለ። የሚያመለክተው የነገሩን ባሕርይ ከሥሩ የሚቀይር ለውጥን እንጂ የሞገድ እንቅስቃሴን አይደለም። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ጄምስ ካላሃን እ.ኤ.አ. በ1979 ምርጫ ዋዜማ በየ30 ዓመቱ ገደማ እንዲህ ያለ ለውጥ ይመጣል፣ ሲመጣም እኛ የምንናገረውም የምንሠራውም ለውጥ አያመጣም፣ አሁን የመጣውም ለሚስዝ ታቸር ነው ብለው ለአማካሪያቸው መናገራቸው ይታወቃል። እሳቸው ያሉት ሕዝቡ የሚፈልገው ነገር ራሱ ተለወጠ ነው። ግራውንድስዌል ወደዚያ ሊያደርስ ይችላል፤ ሳያደርስም ሊቀር ይችላል።

የቀረው የአማርኛው ጉዳይ ነው። በእኛ ቋንቋ ማዕበል፣ ሞገድና ወጀብ አሉ፤ በመዝሙር መጽሐፍ ላይ ሳይቀር ማዕበልና ሞገድ ጎን ለጎን ይጠራሉ። ከሩቅ ለሚመጣ ረጅም ሞገድ የተለየ ስም አለመኖሩ የሚያስደንቅ አይመስለኝም። ጣና በረጅሙ ቢለካ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ስፋት ላይ ነፋስ የሚያነሣው ሞገድ ታንኳ ሊገለብጥ ይችላል እንጂ ነፋሱ ሲቆም አብሮት ይተኛል። ቀይ ባሕርም ከባብ ኤል መንደብ ጠባብ በር ወዲህ ስላለ የውቅያኖሱ ሞገድ እምብዛም አይዘልቀውም። «ሱናሚ» ግን ይህንን ክፍተት የሚሞላ ቃል አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 የተነሣው ሱናሚ ሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ በሶማሊያ የሃፉን አካባቢን መትቶ ብዙ ሰው ገድሏል፤ በቃሉ ውስጥ ያለው ሐሳብ ጥፋትና መሸሽ ነው። የሕዝብን ፍላጎት በዚህ ስም የጠራ ዘጋቢ ሳያስበው ፍርድ ሰጥቷል።

የየካቲት 1966 ዓ.ም. ምሳሌ ግን በሌላ ምክንያት ጥሩ ነው። ጸሐፊው የካቲት 11 የተጀመረውን የታክሲ ሾፌሮች አድማ የድንገተኛነቱ ማስረጃ ያደርገዋል። ከዚያ በፊት ግን ጥር 4 ቀን በነገሌ ቦረና ወታደሮች አምፀው ነበር፤ የወሎ ረኃብ ነበር፤ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡም 9 ዓመት ሆኖት ነበር። ከአድማው በኋላ የነበረው ደግሞ ይበልጥ ይናገራል። መንግሥት በቀናት ውስጥ የነዳጅ ዋጋ ቀነሰ፣ መምህራን የተቃወሙትን የትምህርት ዕቅድ አዘገየ፣ የወታደሩን ደመወዝ ጨመረ፤ ወሩ ሳያልቅም የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። አድማ ያስነሡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ መልስ አገኙ ማለት ነው። እንቅስቃሴው ግን አልቆመም፦ በየካቲት መጨረሻ የሠራተኞች አጠቃላይ አድማ ተጀመረ፤ ሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው ከክርስቲያን ደጋፊዎቻቸው ጋር በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ ወጡ። የቤንዚን ዋጋ የቀሰቀሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዋጋው ሲቀንስ በበረደ ነበር።

ለተርጓሚዎች የማቀርበው ሐሳብ ቃሉን እንደየቦታው መፍታት ነው፦ «ከሥር እየሞላ የመጣ የሕዝብ ስሜት»፣ «ከሩቅ ጀምሮ ሲገፋ የቆየ ድጋፍ»፣ እንደ ሁኔታው። ለርእሰ ዜና ይረዝማል የሚል ሰው «እየገፋ የመጣ ድጋፍ» ቢል ይበቃዋል። ዘጋቢው ግን ከሩቅ መጀመሩን የሚያሳይ ነገር በእጁ ከሌለውና የሚያውቀው የአንድ ቀን ሰልፍ ብቻ ከሆነ፣ እንግሊዝኛው ምንም ይበል ምን፣ በአማርኛ «ብዙ ሰው ሰልፍ ወጣ» ብሎ መጻፍ አለበት።